ከሱሉልታ ያመጣችሁ ታክሲ ሰበታ አይሄድም

ይህን ነገር ለብቻዬ ይዤው መቀመጥ አልቻልኩም። ሰበታ ያላችሁ፣ ቡራዩ ያላችሁ፣ ሱሉልታ ያላችሁ፣ ሁላችሁም ቁጭ በሉና ስሙኝ። ስለ ኮምፒውተር ምንም አላውቅም የሚል ሰው ካለ እሱ ከፊት ይቀመጥ፤ በተለይ የምነግረው ለእሱ ነው።

አንድ ባዶ ኮምፒውተር አስቡ። ሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም የለም። ፍላሽ አልተሰካበትም፣ ሲዲ የለውም፣ ኪቦርድ እንኳ የለውም። ከኋላው ሁለት ገመድ ብቻ ይወጣል፤ አንዱ የመብራት፣ ሌላው የኔትወርክ። ማብሪያውን ትጫኑና ዞር ትላላችሁ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ያ ባዶ ሣጥን ሊኑክስ ተጭኖበት፣ ስም ወጥቶለት፣ ሥራ ለመቀበል ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ማንም አልነካውም እኮ!

እንዴት ይሆናል? ምንም የማያውቅ ማሽን ማወቅ የሚጀምረው ከየት ነው? መልሱን ደረጃ በደረጃ ሳየው ሌላም ነገር አብሮ ተገለጠልኝ። ይህ ጉዞ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ማሽኑም የቆመበትን ቦታ ራሱ ይናገራል። ስክሪን ስንሰካበት የሚወጣው አስፈሪ የሚመስል ኮድ «እዚህ ደርሼ ቆምኩ» ማለቱ ነው።

መጀመሪያ ግን ይህን ሁሉ ማሽን ለምን እንደምንፈልግ ልንገራችሁ። ክላስተር የሚባለው ብዙ ተራ ኮምፒውተሮች በኬብል ተያይዘው አንድ ከባድ ሥራ ሲካፈሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ስተርሊንግ እና ዶናልድ ቤከር በናሳ የጎዳርድ ማዕከል ውስጥ 16 ተራ ኮምፒውተሮችን አገናኙ። 486 የሚባሉት ናቸው፤ በዚያ ዘመን በየቢሮው ይገኙ የነበሩት። ስሙንም ቤዎልፍ አሉት። ያን ጊዜ ከባድ ስሌት የሚሠራ ማሽን በሚሊዮን በሚቆጠር ዶላር ይሸጥ ነበር፤ እነሱ ግን ሱቅ በሚገኝ ዕቃ ሠሩት። ደስ ያለኝን ልጨምርላችሁ፦ ዶናልድ ቤከር ለሊኑክስ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮችን በብዛት የጻፈው ያው ሰው ነው። ኮምፒውተሮቹ እንዲነጋገሩ መጀመሪያ ካርዳቸውን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ያስፈልግ ነበርና ቁጭ ብሎ ጻፈው። ዛሬ እኛን የሚያስቸግረን የድራይቨር ጉዳይ ከቤዎልፍ ጋር እኩል ዕድሜ አለው ማለት ነው።

እኛ ጋ ምን ይሠራል የሚል ካለ ከሱሉልታ ቀና ብሎ እንጦጦን ይመልከት። 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የመስታወታቸው ስፋት አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ወደ ጠፈር የተላከችው የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 የምድር ጣቢያም እዚያው ነው። ሰበታ ላይ የእንስሳት በሽታ የሚመረመርበት ብሔራዊ ተቋም አለ። ከቡራዩ የአምቦን መንገድ ይዛችሁ ስትወጡ ሆለታ ላይ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል ታገኛላችሁ። የጤፋችን የዘረ መል ንባብ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ደግሞ ዶክተር ዘሪሁን ታደለ ከሚመሩት የበርን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። የሳተላይት ምስል፣ የዘረ መል ንባብ፣ የአየር ትንበያ፣ ሁሉም ተቆራርጦ ለብዙ ማሽን የሚታደል ስሌት ነው። ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ሰብስቦ እንዲህ ያለ ሥራ መለማመድ ደግሞ በእኛ አቅም የሚሆን ነገር ነው።

እሺ፣ አሁን ማብሪያውን እንጫን።

ባዶው ማሽን ሲበራ የኔትወርክ ካርዱ ላይ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነቃለች። ፒኤክስኢ ትባላለች፤ ደንቧን ያወጣው ኢንቴል ነው፣ እስካሁን የምንሠራበት 2.1 የተባለውም እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ይህች ፕሮግራም ስለ ራሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተሰጠውን ቁጥር። ማክ አድራሻ የሚባለው እሱ ነው። የት እንዳለች አታውቅም። ማን አጠገቧ እንዳለ አታውቅም። ታዲያ ምን ታድርግ? ለሁሉም ትጮኻለች! «እኔ ቁጥሬ ይህ ነው፤ አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብላ ኬብሉ ላይ ትለቀዋለች። ኬብሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት፣ ስዊች የሚባለው ሣጥንም ጥሪውን ተቀብሎ በቀዳዳዎቹ ሁሉ ያሰራጨዋል።

ሌሎቹን በሚመራው ዋናው ማሽን ላይ ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት ይህን ጥሪ እያዳመጠ ተቀምጧል። ሲሰማ «እኔ አለሁ፣ ይህን አድራሻ ልስጥህ?» ይላል። ባዶው ማሽን «አዎ፣ እሱን ስጠኝ» ይላል። ዋናውም «ያንተ ነው» ብሎ ያጸድቃል። አራት አጫጭር መልእክት ነው፣ አለቀ። ግን ከአድራሻው ጋር ሁለት ተጨማሪ ነገር አብሮ ይመጣል፤ ቀጥሎ የሚሄድበት ሰርቨር እና እዚያ ደርሶ የሚጠይቀው ፋይል ስም። እነዚህን ሁለቱን አጥብቃችሁ ያዙልኝ፣ እንመለስባቸዋለን።

ከዚያ ፋይሉን ማምጣት ነው። የሚያመጣበት ስልት ቲኤፍቲፒ ይባላል፣ በጣም የቆየ ነው። ሰርቨሩ 512 ባይት ይልካል፣ ማሽኑ «ደረሰኝ» ይላል፤ ሌላ 512 ይልካል፣ አሁንም «ደረሰኝ» ይላል። «ደረሰኝ» ካልተባለ ቀጣዩ አይላክም። ዛሬ ቪዲዮ በስልክ ለምናይ ሰዎች ይህ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ምክንያቱን ስታውቁ ትወዱታላችሁ፦ አሠራሩ እጅግ ቀላል ስለሆነ ሙሉ ፕሮግራሙ ትንሽ ቺፕ ውስጥ ይገባል። ምንም የሌለው ማሽን ይዞት ሊወለድ የሚችለው ይህን ያህሉን ነው።

የመጣችው የመጀመሪያዋ ፋይል ትንሽ ናት፤ በብዙ ቦታ ፒኤክስኢሊኑክስ የምትባለው ናት። እሷ ስትነሣ መመሪያ ትፈልጋለች። አፈላለጓን ተመልከቱልኝ! በዚህ ማሽን ማክ አድራሻ የተሰየመ የመመሪያ ፋይል አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። ከሌለ አሁን የተሰጠውን አድራሻ፣ አይፒ የሚባለውን፣ በሌላ የቁጥር አጻጻፍ አድርጋ በዚያ ስም ትጠይቃለች። ከሌለ ከመጨረሻው አንድ ፊደል ቆርጣ ደግማ ትጠይቃለች፣ አሁንም ትቆርጣለች፣ እየቆረጠች እየቆረጠች ሁሉም ካለቀ «ዲፎልት» የሚለውን ትወስዳለች። በዚህ ምክንያት ለሁሉም ማሽን አንድ መመሪያ ጽፋችሁ፣ ለአንዱ አስቸጋሪ ማሽን ብቻ የተለየ ልታስቀምጡለት ትችላላችሁ። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚያምረው ብልሃት ይህ ነው።

መመሪያው «እነዚህን ሁለት ፋይሎች አምጣ» ይላል። አንዱ ከርነል ነው፣ የሊኑክስ ልብ። ሁለተኛው ለመነሻ የሚያስፈልጉ ነገሮች የታሰሩበት ትንሽ ጥቅል ነው፤ ኢኒትአርዲ ይሉታል። ሁለቱ ሲመጡ ፒኤክስኢ ሥራዋን ጨርሳ ቦታውን ለከርነሉ ትለቃለች።

አሁን የስክሪኑ ኮዶች ሁሉ ትርጉም ያገኛሉ። ፒኤክስኢ-ኢ61 ካለ ጥሪው ከካርዱ አልወጣም፤ ኬብሉን እዩ፣ ስዊቹ ላይ ያለው አምፖል መብራቱን እዩ። ፒኤክስኢ-ኢ51 ካለ ጮኾ ማንም አልመለሰለትም። ኢ53 ካለ አድራሻ አግኝቷል፣ የፋይሉን ስም ግን አልነገሩትም። ኢ32 ካለ ስሙን ይዞ ሄዷል፣ የፋይሉ ሰርቨር ግን በሩን አልከፈተለትም። ፒኤክስኢ-ቲ01 ካለ በሩ ተከፍቷል፣ በዚያ ስም ግን ፋይል የለም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ተሳስቶ ነው። አያችሁ? እያንዳንዱ ኮድ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ደህና እንደሆነ ይመሰክራል። ኢ32 ያየ ሰው ኬብል መቀየር የለበትም!

ኢ32 ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ዋናው ማሽን ላይ ፋየርዎል፣ ያልተፈቀደ መልእክትን የሚያግድ ጠባቂ፣ ሲኖር አድራሻ መስጠቱ ይሠራል፣ ፋይል መስጠቱ ግን እምቢ ይላል። ሰው «አድራሻ ከሰጠ ፋየርዎሉ ክፍት ነው» ብሎ ያስባል። ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት የዲኤችሲፒ ፕሮግራም ግን ጥሪውን የሚሰማው ከፋየርዎሉ በፊት፣ ከካርዱ በቀጥታ ነው። ቲኤፍቲፒ ግን በወጉ በ69 ቁጥር በር፣ ፖርት በሚሉት፣ ነው የሚገባው፣ ያ ካልተከፈተ ውጭ ይቀራል።

ኢ53ን ያየ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ዞር ዞር ብሎ ይመልከት። እንደ እኛ ቤት ውስጥ ክላስተር የሚያቋቁም ሰው ለኢንተርኔት ብሎ የቤቱን ዋይፋይ ራውተር እዚያው ስዊች ላይ ይሰካዋል። ራውተሩም አድራሻ ማደል ሥራው ነው! ባዶው ማሽን ሲጮኽ ዋናው ማሽንም ይሰማል፣ ራውተሩም ይሰማል። ራውተሩ ከቀደመ አድራሻ ይሰጣል፤ ስለ ፋይል ግን የሚያውቀው ነገር የለም። ዛሬ ዋናው ማሽን ስለቀደመ ይሠራል፣ ነገ ራውተሩ ስለቀደመ አይሠራም፤ አንዴ እሺ አንዴ እምቢ የሚል ችግር ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። መድኃኒቱ ዋናው ማሽን ላይ ሁለት የኔትወርክ ካርድ ማድረግ ነው፤ አንዱ ወደ ራውተሩ፣ ሌላው ወደ ክላስተሩ ስዊች ብቻ። እርግጠኛ መሆን ለሚፈልግ ዋናው ማሽን ላይ ቲሲፒደምፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ፖርት 67 እና 68ን አዳምጥ ስትሉት ጥሪውንም መልሱንም፣ መላሹንም ጭምር በጽሑፍ ያሳያችኋል። ያ የማክ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል «አለሁ» ሲላችሁ የሰማችሁት ያህል ደስ ይላል።

ኢ51 ግን የራሱ ጣጣ አለው። ስዊቹ ደህና፣ ኬብሉ ደህና፣ ዋናው ማሽን ደህና፣ ግን መልስ የለም። የሚገርመው ይህ ችግር ርካሹ ስዊች ላይ አይታይም፣ ውዱ ስዊች ላይ ነው የሚታየው! ለምን? ውዱ ስዊች ጠንቃቃ ነው። የተሰካው ማሽን ሲበራ መልእክቱን ወዲያው አያሳልፍም። መጀመሪያ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ከዚያ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል። የሚፈራው ኬብሉ ዞሮ ራሱ ስዊቹ ላይ የተሰካ እንዳይሆን ነው፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ጥሪ ክብ እየዞረ ኔትወርኩን ያጥለቀልቀዋል። ባዶው ማሽን ግን ይህን አያውቅም። በደንቡ 4፣ 8፣ 16፣ 32 ሰከንድ እየጠበቀ መጥራት ነበረበት፤ ብዙ ካርዶች ግን ከዚያ ቀድመው ተስፋ ይቆርጣሉ። ስዊቹ በሩን ሲከፍት ጠሪው ጥሪውን ትቷል። ማሽን የሚሰካባቸው የስዊቹ ቀዳዳዎች ላይ ፖርትፋስት የሚባለውን ምርጫ ስታበሩ ስዊቹ መጠበቁን ይተዋል፣ ችግሩም ይጠፋል።

መብራት ሄዶ ሲመጣም ያው ነው። ሁሉም እኩል ይነሣሉ። ባዶዎቹ ማሽኖች በሰከንዶች ውስጥ መጥራት ይጀምራሉ፤ ስዊቹ ገና ራሱን እያስነሣ ነው፣ ዋናው ማሽን ደግሞ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የሚነሣው። መላሽ ሳይኖር ተጠርቶ ያልቃል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ስዊች፣ ዋናው ማሽን፣ ከዚያ ሌሎቹ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ይህን ለመንገር ነው የመጣሁት።

ሁሉም ነገር ሠርቷል እንበል። ጥሪው ተመለሰ፣ ፋይሎቹ መጡ፣ ከርነሉ ተነሣ፣ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ይወርዳል፣ እሰይ ትላላችሁ። ከዚያ ይቆማል። «የኔትወርክ ካርድ አልተገኘም» ይላል።

ቆይ! ምን ማለት ነው አልተገኘም? አሁን፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት፣ ይህን ከርነል ራሱን ያመጣኸው በዚያው ካርድ፣ በዚያው ኬብል አይደለም እንዴ? ካርዱ ባይሠራ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ራሱ ስክሪኑ ላይ ባልወጣ ነበር! ሰው ሁሉ እዚህ ቦታ ላይ ነው ግራ የሚጋባው። ኬብል ይቀይራል፣ ካርድ ይነቅላል፣ ስዊች ይቀይራል።

ከሱሉልታ ሰበታ የሚሄድ ሰው አስቡ። ሱሉልታ ላይ ታክሲ ይሳፈራል፣ ታክሲው ይዞት ይወርዳል፣ አዲሱ ገበያ ላይ «ወራጅ!» ይባላል። ታክሲው ጤነኛ ነው፣ ሾፌሩ ጎበዝ ነው፣ መንገዱም ክፍት ነው። ግን የእሱ መስመር እዚህ ያበቃል፣ ሰበታ አይሄድም። ሰበታ የሚያደርሰውን ሌላ ታክሲ ራሱ መያዝ አለበት። ሌላ ታክሲ ከሌለ እዚያው ይቆማል፤ ያመጣው ታክሲ ጥሩ መሆኑ አይጠቅመውም።

ፒኤክስኢ የመጀመሪያው ታክሲ ነው! ካርዱን የሚያንቀሳቅስ የራሱ ትንሽ ድራይቨር አለው፤ ከካርዱ ጋር ከፋብሪካ የመጣ። በእሱ ተሳፍረው ከርነሉና ጥቅሉ ይመጣሉ። ከርነሉ ሲነሣ ግን ያ ትንሽ ድራይቨር ይወርዳል፣ ያልቃል፣ ከርነሉ አይጠቀምበትም። ከዚህ በኋላ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው የሊኑክስ የራሱ ድራይቨር ነው፤ እሱ ደግሞ አብሮ በመጣው ጥቅል ውስጥ መኖር አለበት። ከሌለ ከርነሉ አዲሱ ገበያ ላይ ቆሞ ቀረ። ካርዱ ደህና ነው፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ሁለተኛው ታክሲ ነው የጠፋው!

ይህ ሲገባኝ ያየኋቸው እንግዳ ነገሮች ሁሉ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ሊኑክስን የሚጭነው ፕሮግራም፣ መጫኛው፣ ከተዘጋጀ በኋላ የወጣ አዲስ ማዘርቦርድ ለምን እምቢ ይላል? መጫኛው ሲዘጋጅ ያ ካርድ አልነበረምና ድራይቨሩ የለም። ያረጀ ሰርቨርስ ለምን እምቢ ይላል? ይህ ነው ያገለገለ ዕቃ ለምንጠቀም ለእኛ የሚበጀው፦ አዲስ ሊኑክስ የድሮ ድራይቨሮችን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሬድ ሃት 8 የሚባለው የሊኑክስ እትም ብዙ የቆዩ የዲስክ መቆጣጠሪያ ካርዶችን መደገፍ አቁሟል። የኔትወርኩ ጉዞ ሁሉ አልፎ «የምጭንበት ዲስክ የለም» ሲላችሁ ዲስኩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት፤ የዲስኩ መቆጣጠሪያ ድራይቨር ነው የቀረው። ኤልሬፖ የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች እነዚያን የቀሩ ድራይቨሮች መልሰው አዘጋጅተው ያቀርባሉ። ወይም የማሽኑን ዕድሜ የሚመጥን እትም መምረጥ ነው።

ሌላም አለ። አንዳንድ ካርድ ድራይቨሩ እያለ እንኳ አይነሣም። በድሮ ሰርቨሮች ላይ የሚገኙ የብሮድኮም ካርዶች ድራይቨራቸው ቢኤንኤክስ2 ይባላል፤ ድራይቨሩ ካርዱን ሲያስነሣ ካርዱ ውስጥ የሚጫን ተጨማሪ ፋይል ይፈልጋል፣ ፈርምዌር የሚሉት። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ዴቢያን ነፃ ያልሆነ ፈርምዌርን ከመጫኛው ለይቶ ያስቀምጥ ስለነበር እነዚያ ካርዶች ዝም ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አባላቱ ድምፅ ሰጥተውበት ከ2023ቱ ዴቢያን 12 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ፋይሉ ሲጠፋ ከርነሉ ስሙን ጠርቶ ያማርራል፤ ዲሜሴጅ በሚባለው ትእዛዝ ማንበብ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ከርነሉና ጥቅሉ አብረው የተሠሩ መሆን አለባቸው። ለአንድ ከርነል እትም የተሠራ ድራይቨር ሌላው እትም ውስጥ አይገባም። አዲስ ከርነል አውርዳችሁ ጥቅሉን የድሮውን ከተዋችሁት ድራይቨሩ እያለ እንደሌለ ይቆጠራል።

የትኛው ድራይቨር እንደሚያስፈልግ እንዴት ይታወቃል? ማሽኑን በፍላሽ ሊኑክስ አስነሡትና ኤልኤስፒሲአይ የሚባለውን ትእዛዝ ካርዶቹን ከነቁጥራቸውና ከነድራይቨራቸው እንዲያሳይ አድርጋችሁ ስጡት። እያንዳንዱ ካርድ ሁለት ቁጥር አለው፤ አንዱ የሠሪው፣ ሌላው የሞዴሉ። 10ኢሲ ካለ ሪልቴክ ነው፣ 14ኢ4 ካለ ብሮድኮም ነው። ኢንቴል ደግሞ 8086 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ዝነኛ ፕሮሰሰሩ ቁጥርም ይኸው ነበር፣ ደስ አይልም? ከሥሩ «እየሠራ ያለው ድራይቨር» ብሎ ስሙን ይጽፍላችኋል። ያንን ስም ይዛችሁ ጥቅሉ ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ መፈለግ፣ ከሌለም ድራኩት በሚባለው መሣሪያ ጥቅሉን ድራይቨሩን ጨምሮ ደግሞ ማሰር ነው። በጨለማ መዳበስ የለም።

ግን ካርዱ ታይቶ አድራሻ ብቻ ካጣስ? እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድራይቨሩ ሲቀየር ካርዱ ለአፍታ ይጠፋና ይበራል። ያ ጠንቃቃ ስዊች ታዲያ «አዲስ ማሽን ተሰካ» ብሎ 30 ሰከንዱን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል! ስለዚህ ካርዱ ጭራሽ ካልታየ ድራይቨር፣ ታይቶ አድራሻ ካጣ ስዊች። በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ የችግሩ ግማሽ ይለያል።

ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ማሽንም የራሱ ዘዴ አለው። ፒኤክስኢ በአንዱ ትገባለች፤ ከርነሉ ሲነሣ ግን የራሱን አቆጣጠር ይዞ ሌላውን ቀዳዳ «የመጀመሪያው» ይለዋል፣ ኬብል በሌለው በኩል ይጮኻል። ፒኤክስኢሊኑክስ የመጣችበትን ካርድ ማክ አድራሻ ለከርነሉ እንድታቀብል በመመሪያው ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ይቻላል፤ የምታቀብለው ነገር ቡትአይኤፍ ይባላል። ያኔ ከርነሉ በመጣበት በር ይቀጥላል።

አዳዲሶቹ ማሽኖች በድሮው ማስነሻ፣ በባዮስ፣ ፈንታ ዩኢኤፍአይ የሚባለውን ስለሚጠቀሙ የሚጠይቁት የመጀመሪያ ፋይል ሌላ ዓይነት ነው፤ ለባዮስ የተሠራውን ብትሰጡት አያነሣውም። ማሽኑ ሲጮኽ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ጥሪው ውስጥ ይናገራል፣ ዋናው ማሽንም ያንን አይቶ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ስም እንዲሰጥ ማዘዝ ይቻላል።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ የሚመጣው ሁሉም ሲሳካ ነው። መጫኑ ያልቃል፣ ማሽኑ ራሱን ያጠፋና ያበራል፣ ከዚያ... እንደገና መጫን ይጀምራል! ያልቃል፣ ይጠፋል፣ ይበራል፣ ይጭናል። ምክንያቱ አሁን ለእናንተ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ኔትወርኩን ጠይቅ ተብሏል፣ ኔትወርኩም ሁልጊዜ «ጫን» ይለዋል። መጫኑ ሲያልቅ ዋናው ማሽን የዚያን ማሽን መመሪያ ወደ «ከራስህ ዲስክ ተነሣ» መቀየር አለበት። ለእያንዳንዱ ማሽን በማክ አድራሻው የተለየ መመሪያ ማስቀመጥ ይቻላል ያልኳችሁ ትዝ ይላችኋል? እዚህ ነው የሚሠራው።

እ.ኤ.አ. በ2000 ከሳንዲያጎ የሱፐርኮምፒውተር ማዕከል የወጣው፣ ሮክስ የተባለው የክላስተር መሥሪያ፣ ይህን ሁሉ በራሱ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ኢንሰርት-ኢተርስ የሚባል ትእዛዝ ዋናው ማሽን ላይ ስታስነሡ ጥሪ ያዳምጣል፣ አዲስ የማክ ቁጥር በሰማ ቁጥር ይመዘግበውና በተራ ስም ያወጣለታል። ስለዚህ ማሽኖቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ፣ አንዱ እስኪመዘገብ እየጠበቃችሁ አብሩ፤ ያኔ ስማቸውና የተቀመጡበት ቦታ ይገጥማል። ሮክስን የሠሩት ሰዎች አንድ ማሽን ሲያጠራጥራቸው ምን እንደነካው ሲመረምሩ አይውሉም፣ እንደ አዲስ ይጭኑታል። መንገዱ ሁሉ በኬብል ስለሆነ ምንም አይከብድም።

ነገር ግን ሰበታም ሆነ ቡራዩ ሆናችሁ ሮክስን ከጫናችሁ ይህን ሳታውቁ እንዳታልፉ፦ በወጉ ሳይዘጋ በድንገት የጠፋ ማሽን ሲበራ ራሱን እንደገና እንዲጭን ሆኖ ነው የተዘጋጀው። መብራት በሄደ ቁጥር ሁሉም ማሽን ከመጀመሪያው ይጫናል ማለት ነው፣ ዲስኩ ላይ የነበረው ስሌትም ሊሄድ ይችላል። ሮክስ-ግሩብ የሚባለውን አገልግሎት በየማሽኑ ላይ ማጥፋት ይህን ያስቀራል፤ መመሪያው ራሱ ይፈቅደዋል። መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ዩፒኤስ ያለን አንድ ብቻ ከሆነ ለዋናው ማሽንና ለስዊቹ ይሁን፣ ሌሎቹ ቢጠፉም ሲመለሱ መላሽ ያገኛሉ። ሮክስ 7 የተመሠረተበት ሊኑክስ፣ ሴንትኦኤስ 7፣ ድጋፉ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ስላበቃ አሁን ለሚጀምር ሰው ዌርዉልፍ የተባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ብናይ የሚሻል ይመስለኛል፤ እሱ ላይ ማሽኖቹ ሲነሡ ሙሉ ሲስተሙን በኔትወርክ አምጥተው ሚሞሪ ላይ ያሠሩታል፣ ሃርድ ዲስክ የሌላቸውን ማሽኖች እንኳ መጠቀም እንችላለን።

ስንገናኝ ሁላችሁም ያላችሁን ማሽን የኔትወርክ ካርድ ቁጥርና የድራይቨሩን ስም ጽፋችሁ አምጡልኝ። ሁለት ቀዳዳ ያለው ካለም የሁለቱን። የማን ማሽን ጥቅሉ ውስጥ ሁለተኛ ታክሲ እንዳለውና ለማን ማሽን መጨመር እንዳለብን እዚያው እናየዋለን።